የሃያ ዓመት ዘፈን በስድሳ ዓመት ድምፅ

የድምፅ ቀረፃ ረዳቱ ፓት ማካርቲ ሻይ ይዞ ወደ ስቱዲዮው ሲመለስ፣ ፕሮዲውሰሩ ብራያን ኢኖ የሳምንታት ድካም የተቀረፀበትን ክር ሊደመስሰው ተዘጋጅቶ ነበር። ማካርቲ የያዘውን ሻይ ጥሎ ተንደረደረና ኢኖን ጨምድዶ ያዘው። ክሩም ተረፈ።

ይህ የሆነው «ዘ ጆሹዋ ትሪ» የተሰኘው አልበም በደብሊን ሲሠራ ነው። ክሩ ላይ የነበረው ዘፈን «ዌር ዘ ስትሪትስ ሃቭ ኖ ኔም» ይባላል፤ መንገዶቹ ስም የሌላቸው ስፍራ እንደ ማለት ነው። ኢኖ ዘፈኑን ጠልቶት አልነበረም። አንዱ ሲስተካከል ሌላው እየተዛነፈ፣ የተጠገነው እንደገና እየተጠገነ፣ በእሱ ግምት የአልበሙ ግማሽ ያህል ጊዜ በዚህ አንድ ዘፈን ላይ ስላለቀ ነው። መጠጋገኑን ትቶ ከዜሮ መጀመር ይሻላል ብሎ ነበር። አልሆነለትም። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1987 የአልበሙ መክፈቻ ሆኖ ወጣ፤ አልበሙም የግራሚን የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት ወሰደ። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከ36 ዓመት በኋላ ያንኑ ዘፈን ከዜሮ የጀመሩት ባለቤቶቹ ራሳቸው ሆኑ። የአየርላንዱ የሮክ ባንድ ዩቱ መጋቢት 8 ቀን 2015 ዓ.ም. «ሶንግስ ኦፍ ሰረንደር» የተባለ አልበም አወጣ። «ሰረንደር» እጅ መስጠት ማለት ነው። ዕለቱ አየርላንዳውያን ቅዱስ ፓትሪክን የሚያከብሩበት ቀን ነበር። በአልበሙ ውስጥ አንድም አዲስ ዘፈን የለም። ባንዱ በአርባ ዓመት ውስጥ ከሠራቸው 40 ተመርጠው፣ በአዲስ ቅንብር፣ ብዙዎቹ ረገብ ብለው፣ አንዳንዶቹም ግጥማቸው ተለውጦ እንደገና ተቀርፀዋል። ዐሥር ዐሥር ሆነው በአራት የተከፈሉ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል በአንድ የባንዱ አባል ተሰይሟል፤ በጊታሪስቱ ዘ ኤጅ፣ በድራመሩ ላሪ ማለን፣ በቤዚስቱ አዳም ክሌይተንና በድምፃዊው ቦኖ።

አራቱ ሰዎች በ1976 ደብሊን በሚገኘው ማውንት ቴምፕል ትምህርት ቤት የተገናኙ ተማሪዎች ነበሩ። ላሪ ማለን ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሙዚቀኞች እንደሚፈልግ የሚገልጽ ወረቀት ለጠፈ፤ ባንዱ ከዚያች ወረቀት ተወለደ። ብዙ የሮክ ባንዶች በጠብ፣ በሞት ወይም በሱስ ሲበታተኑ እነዚህ አራቱ ሳይለዋወጡ ዘልቀዋል። ይህ ለአልበሙ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ዘፈኑን ዛሬ የሚደግመው ሌላ ድምፃዊ ሳይሆን ያው በሃያ ዓመቱ የዘፈነው ሰው ነው፤ በመካከሉ ያለው ልዩነት ዕድሜ ብቻ ነው።

ሥራው የተጀመረው በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ነው። መድረኮች ተዘግተው፣ ጉዞ ቀርቶ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲውል፣ ዘ ኤጅ በፒያኖና በአኩስቲክ ጊታር የድሮ ዘፈኖቻቸውን መሞካከር ያዘ። የዜማውን መነሻ ዝቅ ያደርገዋል፣ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል፣ በድምፅ ብዛት የተሞላውን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ኋላ ለአድናቂዎች በጻፈው ደብዳቤ እንዳብራራው፣ አብዛኛው ሥራቸው ገና ወጣት ሳሉ የተጻፈና የተቀረፀ ነው፤ ዛሬ እነዚያ ዘፈኖች ለራሳቸው ለባለቤቶቹ የሚሰጡት ትርጉም ሌላ ሆኗል። የአልበሙ ዋና ፕሮዲውሰርም እሱ ነው።

ከድሮዎቹ ቅጂዎች ምን እንደተነሣ ለመረዳት ድሮ ምን እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። የዩቱ የመጀመሪያ ዘፈኖች የተሠሩት በትንንሽና ጫጫታ በበዛባቸው አዳራሾች እንዲሰሙ ነው። ድምፃዊው ከድራሙና ከጊታሩ በላይ ለመሰማት አናቱ ድረስ ወጥቶ መጮህ ነበረበት። አዳራሹ ስታዲየም ሲሆን ደግሞ የመጨረሻው ረድፍ ላይ የቆመውን ሰው መድረስ ግድ ሆነ። የኤጅ ጊታርም እያንዳንዱን ምት እየመለሰ በሚያስተጋባ መሣሪያ ውስጥ ስለሚያልፍ አንድ ሰው የሚመታው ሦስት ሰው የሚመታው ይመስላል። ባንዱን በዓለም ያሳወቀው ይህ ድምፅ ነው። በአዲሱ አልበም ያ ሁሉ ተነሥቷል። የቤቱን ክዳን አንሥቶ ምሰሶው ይቆም እንደሆነ እንደማየት ነው፤ ምሰሶው የቆመለት አለ፣ ክዳኑ ብቻ ይዞት የነበረም አለ።

ከቆሙት አንዱ «አውት ኦፍ ኮንትሮል» ነው። ቦኖ ይህን ዘፈን የጻፈው 18 ዓመት በሞላበት ዕለት ነው። የሚናገረውም መወለድና መሞት በሰው ፈቃድ እንዳልሆኑ የተገለጠለት ጎረምሳ ስለሚሰማው ድንጋጤ ነው። በ1979 ሲቀረፅ እንደ ድንጋይ የሚወረወር ፈጣን ዘፈን ነበር። አሁን ቦኖ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ በ2016 መጨረሻ ኒውዮርክ ውስጥ ለስምንት ሰዓት ያህል የዘለቀ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ያው ሰው ያንኑ ሐሳብ ቀስ ብሎ ሲያዜመው ድንጋጤው ወደ ዕውቀት ተለውጦ ይሰማል። በ18 ዓመት የተገመተው ነገር በ60 ዓመት ታይቷል። የአዲሱ ቅጂ ጥቅም እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ የድሮውን ዘፈን አይተካውም፣ የቃሉ ምስክር ሆኖ አጠገቡ ይቆማል።

«ስቶሪስ ፎር ቦይስም» እንዲሁ ነው። በ1980 በመጀመሪያው አልበማቸው «ቦይ» ላይ የወጣ የጎረምሳ ሩጫ ነበር። አሁን ዘ ኤጅ ራሱ በፒያኖ ያንጎራጉረዋል፤ አያት የሆነ ሰው የልጅነት ሣጥኑን ከፍቶ አሻንጉሊቶቹን አንድ በአንድ የሚያወጣ ይመስላል። የማዕድን ሠራተኞችን አድማ የሚያነሣው «ሬድ ሂል ማይኒንግ ታውን» ደግሞ በናስ ትንፋሽ መሣሪያዎች ታጅቧል። የብሪታንያ የከሰል ማዕድን ከተሞች የየራሳቸው የናስ ባንድ ስለነበራቸው ይህ ቅንብር ከማስዋብ አልፎ ዘፈኑን ወደ ቀዬው የመለሰው ይመስላል።

ቦኖ ከአልበሙ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በኅዳር 2022 «ሰረንደር» የተባለ የሕይወት ታሪኩን አሳትሟል። መጽሐፉ 40 ምዕራፎች አሉት፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ በአንድ ዘፈን ስም የተሰየመ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ሰው አልበሙን በሌላ ጆሮ ያዳምጠዋል። «አይ ዊል ፎሎው» በ14 ዓመቱ ስላጣት እናቱ ነው፤ እናቱ አይሪስ በአባቷ ቀብር ላይ ራሷን ስታ ወድቃ በቀናት ውስጥ ዐረፈች። «ሰምታይምስ ዩ ካንት ሜክ ኢት ኦን ዩር ኦውን» ደግሞ በ2001 ስለሞተው አባቱ ነው። አባትየው ኦፔራ የሚወድ፣ ራሱም ጥሩ ድምፅ የነበረው፣ ለልጁ ግን ምስጋና የሚሰስት ሰው ነበር። ቦኖ አባቱ ከሞተ በኋላ ድምፁ እንደተከፈተለት ይናገራል። በአዲሱ ቅጂ ያ ድምፅ ያለ ብዙ አጀብ ብቻውን ሲመጣ ልጁ ለአባቱ የሚነግረው እንጂ ለሕዝብ የሚዘፍነው አይመስልም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በዚህ አልበም ውስጥ የቅርብ ታሪክ አለ።

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደኑ ዌምብሊ ስታዲየም «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ ኮንሰርት ተካሄደ። ገቢው በኢትዮጵያ በረሃብ ለተጎዱ ወገኖች እንዲውል ነበር። ዩቱ ያኔ ገና በመውጣት ላይ ያለ ባንድ ሲሆን ሦስት ዘፈን ለማቅረብ አቅዶ ነበር። ሁለተኛው «ባድ» የተባለው፣ በደብሊን ስለተስፋፋው የሄሮይን ሱስ የሚናገረው ዘፈን ነው። መሃል ላይ ቦኖ መድረኩን ትቶ ወደ ሕዝቡ ወረደና አንዲት ወጣት አቅፎ ደነሰ። ባንዱ ድምፃዊው የት እንደገባ ሳያይ መጫወቱን ቀጠለ፤ ዘፈኑም 12 ደቂቃ ያህል ፈጀ። ለሦስተኛው ዘፈን፣ ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ ለተዘፈነው «ፕራይድ»፣ ጊዜ አልተረፈም። ከመድረክ ሲወርዱ ዕድላቸውን ያበላሹ መስሏቸው ተቆጥተው ነበር። ነገሩ ግን ተቃራኒ ሆነ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ዩቱን የማያውቅ የሙዚቃ ሰው አልነበረም።

ቦኖ በኮንሰርቱ አላበቃም። በዚያው ዓመት ከባለቤቱ ከአሊ ጋር ወደ ወሎ ሄደና በአጅባር የእርዳታ ካምፕ አንድ ወር ያህል ሠራ። ካሜራ አልተከተላቸውም። ለሕፃናቱ ስለ ጤናና ስለ ንጽሕና የሚያስተምሩ ትንንሽ ዘፈኖችና ድራማዎች ያዘጋጁ ነበር። ረጅም ፀጉሩንና የጆሮ ጉትቻውን ያዩት የካምፑ ሰዎች «ጢም ያላት ልጅ» ይሉት እንደነበር ራሱ ጽፏል። ከሁሉ በላይ ያልወጣለት ግን አንድ አባት ነው። ሰውየው ልጁን አቅፎ መጣና «ውሰደው፤ እዚህ ከቀረ መሞቱ ነው፣ አንተ ዘንድ ግን ይኖራል» የሚል ልመና አቀረበለት። ቦኖ ልጁን መውሰድ አልቻለም። በኋላ ለድሃ አገሮች የዕዳ ስረዛ ያደረገውን የዓመታት ዘመቻ ሲያስረዳ ደጋግሞ የሚመለሰው ወደዚያች ቅጽበት ነው። ያ አባት ሊዘነጋ አይገባም።

ኢኖ ሊደመስሰው የነበረው ዘፈን ሐሳብም የተጠነሰሰው በዚያው ጉዞ ነው። ቦኖ የመጀመሪያዎቹን ስንኞች የጻፈው በአንድ የኢትዮጵያ መንደር ሳለ፣ በአውሮፕላን ለሚያስመልሰው መንገደኛ በምትሰጥ የወረቀት ከረጢት ላይ ነው። በሰሜን አየርላንዷ ቤልፋስት የሰው ሃይማኖትና ገቢ ከሚኖርበት መንገድ ስም ይታወቃል ሲባል ሰምቷል። ወሎ ላይ ደግሞ መንገዱ ስም የለውም፤ ሰው በመንገዱ አይመዘንም። ከሁለቱ ንጽጽር ያ ርእስ ወጣ።

ታዲያ የዚህ ዘፈን አዲስ ቅጂ እንዴት ነው? አልተሳካም። የድሮው ቅጂ ከሩቅ እንደሚመጣ ፈረስ ኮቴ ቀስ በቀስ እየቀረበ፣ ጊታሩ እየተንቆረቆረ፣ ድራሙ ሲገባ አድማጩን ከመቀመጫው ያነሣዋል። ያ ግልቢያ የዘፈኑ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ከአጥር ውስጥ ሮጦ የመውጣት ናፍቆት ራሱ እሱ ነበር። በአዲሱ ቅጂ ግልቢያው ቀርቶ ረጋ ያለ ጸሎት የመሰለ ነገር ተተካ። ጸሎቱ ያምራል፣ ሩጫው ግን የለም። «ባድ» ግን በተቃራኒው እርጋታው ጠቅሞታል። የሱሰኛን ጭንቀት ለመናገር ስታዲየም አያስፈልግም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ይበቃል።

ግጥማቸው የተለወጠባቸው ዘፈኖች ሌላ ጥያቄ ያነሣሉ። «ዎክ ኦን» በ2000 ሲወጣ በቁም እስር ላይ ለነበረችው የበርማ ፖለቲከኛ አውንግ ሳን ሱ ቺ የተበረከተ ነበር፤ የአገሩ ወታደራዊ መንግሥትም አልበሙን አግዶታል። በአዲሱ አልበም ዘፈኑ ለዩክሬን ተሰጥቷል። ቦኖና ዘ ኤጅ በግንቦት 2022፣ ጦርነቱ በተጋጋለበት ወቅት፣ በኪየቭ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ተገኝተው ስለዘፈኑ ይህ ከሩቅ የተላከ ማጽናኛ አይደለም። ቢሆንም አንድን ዘፈን ከአንድ ሰው ወስዶ ለሌላ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም፤ የመጀመሪያውን የሚያስታውስ አድማጭ ቅር ሊለው ይችላል። ስሕተትን ማረም ግን ሌላ ነው። የ1984ቱ «ፕራይድ» ማርቲን ሉተር ኪንግ በማለዳ እንደተገደለ አድርጎ ይናገራል፤ ኪንግ ሜምፊስ ውስጥ በጥይት የተመታው ግን ወደ ማታ ነው። ቦኖ በመድረክ ሲዘፍነው ይህን ለዓመታት ሲያርም ኖሯል። በሸክላ የታተመ ስሕተት አይፋቅም፤ ሊታረም የሚችለው እንደገና በመዝፈን ብቻ ነው።

ብዙ ሙዚቀኞች የድሮ ሥራቸውን እንደገና የሚቀርፁት ግን ከዚህ በጣም በተለየ ምክንያት ነው፤ በባለቤትነት ምክንያት። አንድ የታተመ ዘፈን ሁለት መብት አለው። አንዱ የግጥምና የዜማው ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከደራሲው ጋር ይቆያል። ሁለተኛው ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረፀው የዋናው ቅጂ መብት ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በውል ወደ አሳታሚው ኩባንያ ይሄዳል። ዘፋኙ ከኩባንያው ጋር ቢጣላ ወይም ቢለያይ ዋናውን ቅጂ ሊነካው አይችልም። በውሉ የተከለከለበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ግን ዘፈኑን እንደ አዲስ መዝፈን ይችላል፤ አዲሱ ቅጂ የራሱ ይሆናል። ለፊልምና ለማስታወቂያ የሚከፈለው ገንዘብም ወደ አዲሱ ሊዞር ይችላል።

ኤቨርሊ ብራዘርስ ኩባንያ ከቀየሩ በኋላ በ1964 የድሮ ዝነኛ ዘፈኖቻቸውን እንደገና ዘፍነዋል። ዴፍ ሌፓርድ የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ በ2012 በኢንተርኔት ሽያጭ ክፍያ ላይ ከኩባንያው ጋር ባለመስማማቱ የራሱን ዘፈኖች አንዲት ድምፅ ሳይለውጥ ለመቅዳት ሞከረ፤ ድምፃዊው ጆ ኤሊዮትም ቅጂዎቹን «ፎርጅድ» ብሎ ጠራቸው። ዊተስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ ደግሞ የመጀመሪያ አልበሙ ዋና ቅጂ ስለጠፋ ሁሉንም እንደገና መቅረፅ ግድ ሆኖበታል። ነገሩን ለዓለም ሁሉ ያስተዋወቀችው ግን የሮክ ሰው ያልሆነችው ቴይለር ስዊፍት ናት። የመጀመሪያ ስድስት አልበሞቿ ዋና ቅጂ በ2019 ለሌላ ሰው ከተሸጠ በኋላ አራቱን እንደገና ቀርፃ ከ2021 እስከ 2023 አወጣች፤ በ2025 ዋናዎቹንም ራሷ ገዝታ አስመለሰች።

ዩቱ ይህ ችግር አልነበረበትም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ማናጀራቸው ፖል ማጊነስ ባደረገው ድርድር የቅጂዎቻቸውን ባለቤትነት በእጃቸው አስገብተዋል። ስለዚህ አልበሙን ገንዘብ ፍለጋ ማለት ይከብዳል። የሚነሣበት ቅሬታ ሌላ ነው፤ በዝቷል። አርባውን ዘፈን በአንድ ትንፋሽ መስማት ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል፤ ዝግታው ሲደጋገም ደግሞ አንዱ ከሌላው መለየት ያቅታል። 16 ዘፈን ብቻ የያዘ አጭር ቅጂ መውጣቱ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። የላሪ ማለን ድራም ድርሻ ማነሱም ይታወቃል። በብሪታንያ አልበሙ አንደኛ ደረጃ ላይ ወጥቷል፤ በአሜሪካ አምስተኛ ሆኗል። አድናቂዎች ግን እስከ ዛሬ በሁለት እንደተከፈሉ ናቸው።

ለእኛ ጆሮ ይህ ክርክር እንግዳ ሊመስል ይችላል። ትዝታን አንድ ጊዜ ብቻ ዘፍኖ የተወ ድምፃዊ የለም፤ በሸክላ የወጣ ዘፈን በካሴት ዘመን በሌላ ባንድ አጀብ ሲደገም አድማጭ የትኛው ይበልጣል ብሎ ያወዳድር ነበር እንጂ ለምን ተደገመ አላለም። አንጋፋው ሙላቱ አስታጥቄም በ2025 «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» በተባለው አልበማቸው «የከርሞ ሰው»ንና ሌሎች የቆዩ ድርሰቶቻቸውን ከክራር፣ ከማሲንቆና ከዋሽንት ጋር እንደገና አስቀርፀዋል። ሰማንያ ዓመት ባለፈው ሰው እጅ ያው ዜማ ሲሰፋ መስማት ትልቅ ደስታ ነው።

ወደ «ሶንግስ ኦፍ ሰረንደር» አዲስ ለሚገባ አድማጭ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስማት አይመከርም። ጥንድ ጥንድ አድርጎ መስማት ይበልጣል፦ መጀመሪያ የ1979ኙን «አውት ኦፍ ኮንትሮል»፣ ቀጥሎ የ2023ቱን፤ መጀመሪያ የዌምብሊውን «ባድ»፣ ቀጥሎ አዲሱን። ከዚያም ርእሱ «40» የሆነውን። ይህን ዘፈን በ1983 «ዋር» የተባለውን አልበም ሊጨርሱ የስቱዲዮው ጊዜ ሲያልቅባቸው ከመዝሙረ ዳዊት ወስደው በጥድፊያ ሠሩት፤ አዳም ክሌይተን ቀድሞ ስለሄደ ቤዙን የመታው ዘ ኤጅ ነበር። መዝሙሩ በእነሱ መጽሐፍ ቅዱስ 40ኛው ነው፤ በግዕዙ ዳዊት 39ኛው። ለዓመታት ኮንሰርታቸውን የሚዘጉት በእሱ ነበር፤ አባላቱ አንድ በአንድ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ከመድረክ ሲወርዱ ሕዝቡ ብቻውን መዘመሩን ይቀጥላል። በአዲሱ አልበምም አርባኛውና የመጨረሻው ዘፈን እሱ ነው።